ጀርባውን የሰጠ በር

(ሱሉልታ፣ የኦቦ ዲሪባ ግቢ። ኢፋ የሂውማን ጂኦግራፊ ተማሪ ነው። አንድ ዓመት ሆላንድ ተምሮ መምጣቱን ያልነገረው ሰው የለም፤ ካለም ገና አላገኘውም። የመመረቂያ ጽሑፉን ነገ ያስረክባል፤ የቀረው ይህ አንድ መጠይቅ ብቻ ነው። ኦቦ ዲሪባ ላም እያለቡ ነው።)

ኢፋ፦ በስልክ እንዳሉኝ አምስት ደቂቃ አይደለም እኮ! ከሚኒባሱ ወርጄ እዚህ ለመድረስ ሃያ ሦስት ደቂቃ ፈጅቶብኛል።

ዲሪባ፦ ስልክህን እያየህ ስለመጣህ ነዋ።

ኢፋ፦ ኦቦ ዲሪባ፣ ሰው በልቡ የሚገምተው ርቀትና እውነተኛው ርቀት ይለያያል። ሆላንድ ተምረነዋል።

ዲሪባ፦ ይህን ብቻ? ዓመት ሙሉ?

ኢፋ፦ ኧረ ሌላም አለ! ሰው ለምን አንድ ቦታ ላይ እንደሚኖር እናጠናለን።

ዲሪባ፦ እኔ እዚህ የምኖረው እዚህ ስለተወለድኩ ነው።

ኢፋ፦ (ለሕፃን እንደሚያስረዳ ፈገግ ብሎ) እሱ ላይ ላዩን ነው።

ዲሪባ፦ እናቴ ስታምጥ ላይ ላዩን አልመሰላትም።

ኢፋ፦ ይተዉት። ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የግቢዎ በር ለኮብልስቶኑ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ተራራው ዞሯል። እንዲህ ያደረጉት አዲስ አበባ እየሰፋች ስትመጣብዎ በዝምታ ለመቃወም ነው፣ አይደል?

ዲሪባ፦ ኤዬ።

ኢፋ፦ (በደስታ እየጻፈ) «ኤዬ»፣ አዎ! አላልኩም? የሆላንዱ ፕሮፌሰሬ በመጽሐፋቸው ያሉት ይሄንኑ ነው! ሰበታና ቡራዩም ዞሬ ጠይቄአለሁ፤ ሁሉም አዎ ነው ያሉኝ።

ዲሪባ፦ ላሞቹ ግን እንዴት ይሁኑ?

ኢፋ፦ የምን ላሞች?

ዲሪባ፦ ግጦሹ በተራራው በኩል ነዋ። በሩ ለእነሱ ነው የተሠራው። ኮብልስቶኑ የመጣው ኋላ ነው። እሱ በጀርባችን መጣ እንጂ እኛ ለማንም ጀርባ አልሰጠንም።

ኢፋ፦ አሁን ኤዬ አሉኝ እኮ!

ዲሪባ፦ እንግዳ ቤትህ ድረስ መጥቶ፣ ጥያቄውን ከነመልሱ ይዞ፣ እምቢ ይባላል? የዛሬ አራት ዓመት የመጣው ረጅም ፈረንጅም እንዳንተው ነበር።

ኢፋ፦ (እስክሪብቶው ከእጁ ወድቆ) ቀይ ጢም ያለው?

ዲሪባ፦ ኤዬ።

ኢፋ፦ የእውነት ኤዬ ነው ወይስ የእንግዳ ኤዬ?

ዲሪባ፦ የእውነት። በአስተርጓሚ ሦስት ሰዓት ያዘኝ። ላሚቱ ግቷ ሞልቶ ትጮሃለች። «ተቃውሞ ነው?» ሲለኝ ኤዬ ብዬ ሸኘሁት።

ኢፋ፦ ጉድ ሆንኩ! ፕሮፌሰሬ ናቸዋ! ጽሑፌ በሙሉ የቆመው እዚያ መጽሐፍ ላይ ነው! ማርክ የሚሰጡኝም ራሳቸው ናቸው። የላሞቹን ነገር ብጽፍ ይጥሉኛል!

ዲሪባ፦ እኔ ምን ላድርግህ? አንተ ነህ ሆላንድ የተማርከው።

ኢፋ፦ (ደብተሩን አየ። ላሚቱን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።) ኦቦ ዲሪባ... ስለ ላሞቹ ምንም አልነገሩኝም፣ አይደል?

ዲሪባ፦ ኤዬ። (የወተቱን ባልዲ አንሥተው) እንኳን ደስ ያለህ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ተመረቅህ።