ዘጠነኛው ሰው

በአገራችን ጥሪ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ እንዲመጡ፣ ሌላው እንዳይመጡ የሚጠሩበት። ምሳ እየበላን በአጠገባችን ለሚያልፍ ሁሉ «እንብላ!» እንላለን፤ አላፊውም «ይባርክ!» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ጠሪው አይከስርም፣ ተጠሪው አይቀየምም፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ይህን ሥርዓት ሊያፈርስ የተወለደ ሰው ግን ከየትም ሰፈር አይጠፋም፤ «እንብላ» ሲል የምሩን የሆነ፣ እጅ ይዞ ካላስቀመጠ የማይለቅ። ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ የደረሷቸው ክቡር ኦቦ ሞቱማ ናቸው።

ጣቢታ ይህን ስም ስትሰማ ግንባሯን ትይዛለች። ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ከዚያ ሲተርፋት ደግሞ ዝዋይ እየወረደ ዓሣ የሚያጠምድ የወዳጆች ማኅበር ገንዘብ ያዥ። ኦቦ ሞቱማን ጨምሮ አባላቱ ስምንት ናቸው፤ ስምንት የሆኑትም የጀልበኛው የሐምዱ ጀልባ ከስምንት ተሳፋሪ በላይ ስለማይይዝ ነው። ሐምዱ የሚያስከፍለው በሰው ሳይሆን በጀልባ ነውና ለስምንት ሲካፈል የማንንም ኪስ አይጎዳም። ዘጠነኛ ሰው የመጣ ዕለት ግን ሁለተኛ ጀልባ ግድ ነው፤ መዋጮው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ «ውይ፣ ለካ ለቅሶ አለብኝ» የሚለው ይበዛል፤ ጉዞው ይፈርሳል።

ይህንን ለኦቦ ሞቱማ ያላስረዳችበት መንገድ የለም። «ገብቶኛል ልጄ፣ ገብቶኛል» ይላሉ። ከዚያ ደጅ ወጥተው መጀመሪያ ያገኙትን ሰው «ኮቱ፣ ና! ቅዳሜ ዓሣ ልናጠምድ ነው፣ ቦታ ሞልቷል!» ይሉታል።

ሱሉልታ ላይ በአጥር ጉዳይ የከሰሳቸውን ጎረቤት፣ ያውም ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ጋብዘውታል። «ክሱ ክስ ነው፤ ዓሣው ሌላ» አሉ። ቡራዩ ላይ ያስቆማቸው ትራፊክ ቅጣቱን ሲጽፍ «ጻፍ ልጄ፣ ጻፍ። ቅዳሜ ግን ሥራ አለህ?» ብለውታል። አንድ ጊዜማ በስህተት የደወለላቸውን ሰው ጋብዘው፣ ሰውየው ከገላን ዣንጥላ ይዞ ከች አለ።

በዚህ ሁኔታ ሁለት ጉዞ ፈረሰ። ጣቢታም ማለች፤ «ከእንግዲህ ዘጠነኛ ሰው ካየሁ ገንዘባችሁን መልሼ ማኅበሩን እበትነዋለሁ!» ቀልድ አልነበረም። አርባ ምንጭ ላይ ሐይቅ እያየች ላደገች፣ አሁን ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ከቁጥር ጋር ለምትታገል ሴት፣ ጭንቅላቷ የሚያርፍበት ቦታ የዝዋይ ውኃ ብቻ ነው። ማኅበሩ ከተበተነ እሷም ቀረች።

ለሦስተኛው ጉዞ ሚኒባሱ ውስጥ ስትቆጥር ልክ ስምንት። ማመን አቃታት። «ለማንም ትንፍሽ አላልኩም» አሉ ኦቦ ሞቱማ፣ ደረታቸውን ነፍተው። «ወተት የምሸጥላቸውን እንኳ በምልክት ነው ያናገርኳቸው!»

ዝዋይ ደረሱ። ሐምዱ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን አደለ። ሊሳፈሩ ሲሉ ኦቦ ሞቱማ የሉም! ወዲያው ከወደ ጀልባ ማረፊያው በር ብቅ አሉ፤ የበሩን ሽማግሌ ዘበኛ በእጃቸው እየጎተቱ።

«እኚህ ሰው እዚህ በር ላይ ጥርሳቸውን ነቅለዋል፤ ጀልባ ላይ ግን ወጥተው አያውቁም! ይታያችኋል?»

«እኔማ ሦስት ጊዜ እንቢ ብያለሁ» አሉ ዘበኛው፣ ኮፍያቸውን እያሻሹ። ጣቢታ አመነቻቸው። የኦቦ ሞቱማን አራተኛ ልመና የተቋቋመ ሰው አልተወለደም።

«ኦቦ! ስምንት አላልኩም? ጌታ ያውቃል፣ ስምንት ብያለሁ!»

«ባይሆን ትንሽ ጠጋ ጠጋ ብለን . . .» ብሎ ጀመረ የቡራዩው ባለሱቅ ዓባይነህ።

«ወላሂ አላንቀሳቅሳትም» አለ ሐምዱ። «ጃኬቱ ስምንት ነው። ሐይቅ ይሉኝታ አያውቅም።»

ሁሉም ወደ ጣቢታ ዞሩ። ማኅበሩን ልትበትን አፏን ስትከፍት ኦቦ ሞቱማ ጃኬታቸውን አውልቀው ለዘበኛው እያለበሱ ነበር። «እኔ ስንቴ ወጥቻለሁ። የጠራሁትን ሰው ከበር ልመልስ እንዴ? ነውር ነው። ሂዱ፣ ይቅናችሁ!»

ሄዱ። ጣቢታ ስትመኘው የኖረችው ጸጥታ ይኸው መጣ። ማዶ ያለውን ጀልባ «ኑ፣ አብረን እንብላ!» ብሎ የሚጮህ የለም። ዓሣውን ሳይቀር «ኮቱ፣ ኮቱ» እያለ የሚያባብል የለም። መንጠቆዋን ጣለች፤ ብዙም ሳትቆይ መዳፍ የሚሞላ ቆሮሶ ዓሣ እየተወራጨ ወጣላት።

«ኦቦ፣ ይዩልኝማ!» ብላ ዞረች።

«እሰይ፣ እደጊ» አሉ ዘበኛው፣ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨምድደው።

ወደ ዳር ተመለከተች። ኦቦ ሞቱማ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ብቻቸውን። ሰውየውን ብቻቸውን አይታቸው አታውቅም! አንድ ነገራቸው የጎደለ፣ ጋቢያቸውን የተገፈፉ መሰሏት። መንጠቆዋን እንደገና ጣለች፤ መልሳ አወጣችው። «ኤጭ!» አለች። ስልኳን መዝዛ ደወለች።

«ኦቦ፣ ሁለተኛ ጀልባ ይያዙና ይምጡ። ከማኅበሩ ይከፈላል።»

«ለእኔ ብቻ? አይሆንም ልጄ። የስምንት ሰው ጀልባ ለአንድ ሰው ኪሳራ ነው። አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

እውነታቸውን ነው፤ ኪሳራ ነው። ጣቢታ ዓይኗን ጨፈነች። ዓባይነህ ልትናገር ያለችው ገብቶት ሳቁን ለማፈን ፊቱን አዞረ።

«እንግዲያው ሰባት ሰው ይጥሩ» አለች፤ «ድርሻቸውን ይክፈሉ እንጂ።»

ዳር ላይ ከድንጋዩ ብድግ ሲሉ አየቻቸው።

«ሰባት ብቻ?» አሉ ኦቦ ሞቱማ።