እናቴን «በአማርኛ አልቅሺ» ያልኩ ቀን

ቋንቋ ሀብት ነው ይሉናል። እንዲህ የሚሉን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቋንቋ ብቻ ያላቸው ናቸው። ቆቦ ተወልዳችሁ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ቋንቋ ሳትጠሩት ቤታችሁ ገብቶ ታገኙት ነበር። ገበያ ላይ ማሽላውን በአንዱ ጠይቃችሁ በሌላው ትከራከራላችሁ፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ መሀል ላይ የኦሮምኛ ቃል ጣል ያደርጉበታል፤ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። አያያችሁም ነበር ልበል እንጂ።

አባቴ የቆቦ ሰው ነበር፤ እናቴ ከዋጃ ወዲያ ያለ አገር ልጅ ናት። አማርኛን ከእሱ፣ ትግርኛን ከእሷ ይዤ አደግሁ። የትኛው ቀደመ ብትሉኝ፣ ከሁለት እግርህ የትኛው ቀደመ እንደማለት ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ግን በአንደኛው ማነከስ ጀመርኩ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እናቴ ስትደውል፣ እሷ በትግርኛ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ በአማርኛ እመልሳለሁ። ሰው ምን አለህ? ትሉኝ ይሆናል። ምንም። ፈሪ እስኪነግሩት አይጠብቅም።

ባለፈው ዓመት የእናቴ ታላቅ ወንድም አረፈ። መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ይመጣሉ። እናቴ ደጅ ላይ ተሰብስበው ስታያቸው ገባት። «ሓወይ!» ብላ ጮኸች፤ ወንድሜን ማለቷ ነው። ከእኛ ጋር አጥር የምትጋራው እትዬ አበቡ፣ የመጨረሻ ልጇ በዚያው ጦርነት ሄዶ የቀረባት ሴት ናት። ቶሎ ጎንበስ አልኩና በእናቴ ጆሮ፣

«እማዬ፣ ጎረቤት ይሰማል፤ በአማርኛ አልቅሺ» አልኳት።

አሁን ስጽፈው እንኳ ያመኛል።

እናቴ አየችኝና ዝም አለች። ድንኳን ተተከለ፣ እድርተኛው ተሰበሰበ፣ ንፍሮው ዞረ፤ እሷ ደርቃ ተቀመጠች። ለሰው ሞት በአማርኛ ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛውን ሁሉ የምታንሰቀስቅ ሴት ናት። ለወንድሟ ግን አልሆነላትም፤ አብረው ያደጉት በሌላ አፍ ነዋ። ሴቶቹ «ምነው እንዲህ ጨከነች?» ተባባሉ። የፈሪ እናት አታለቅስም ይላል ያገሬ ሰው። ልጇ ስለማይሞትባት ማለቱ ነው፤ ልጇ አፏን ይይዛታል ብሎ አላሰበም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አበቡ ከጎብዬ መጣች። ለካ እህቷ ታማባት እዚያ ሰንብታ ኖሯል፤ ያን ጠዋት ቤቷም አልነበረችም! ከድንኳኑ ገብታ ማንንም ሳታይ እናቴ ጎን ተቀመጠች፣ አቀፈቻትና የአጎቴን ስም ጠርታ ሙሾ አወረደች። በትግርኛ። ያውም ከእኔ በተሻለ ትግርኛ። እናቴ ያን ጊዜ ፈነዳች፤ «ሓወይ! ሓወይ!» እያለች ደረቷን ስትመታ፣ የራሷን ሐዘን የተሸከመችው እትዬ አበቡ እጇን ያዘቻት። ኋላ ቀና አለችና፣

«ይችን ሴት ሦስት ቀን ሙሉ ማነው ያፈናት?» አለች።

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። እናቴ አላጋለጠችኝም።

ዛሬ ሁለቱ በአጥር ላይ በትግርኛ ሲያወጉ፣ ሲሳሳቁም እሰማለሁ። እኔ ስመጣ ወጉ ይቆማል። ባለፈው አንድ ጠዋት፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ እናቴን «ከመይ ሓዲርኪ?» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና አደርክ ወይ?» አለችኝ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ቀና ብላ።

አማርኛዋ እንከን አይወጣለትም።