እንብላ የማይሰማበት በር

ታላቅ እህቴ፣ ጥሩ የምትባለው፣ በአንድ በር ምክንያት ቤቴን ጥላ ቢቸና ተመልሳለች። አልተጣላንም። ሻንጣዋን ሚኒባስ ላይ የጫንኩላት እኔው ነኝ።

ስለ በር አጥብቆ የሚያስብ ሰው አታገኙም። ሰው ስለ ጣሪያ ያስባል፣ ያፈሳልና፤ ስለ ወለል ያስባል፣ ይቀዘቅዛልና። በር ግን ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሌላ ምን ሥራ አለው? እኔም ሞጣ ላይ ቤት ሠርቼ እስክጨርስ ድረስ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ቤት የሚሠራ ሰው ባገኝ ስለ ሲሚንቶ አልጠይቀውም። ምሳህን የት ተቀምጠህ ልትበላ አስበሃል? እለዋለሁ።

ያደግነው ቢቸና ነው። እናትና አባታችን ቀድመው ስላለፉ ያሳደገችኝ ጥሩ ናት። የቤታችን በር ሳንቃው የተሰነጠቀ ነበር፤ ደግሞ ቀን ቀን አይዘጋም። በእኛ ሰፈር በጠራራ ፀሐይ በሩን የሚዘጋ ወይ ሐዘን ላይ ነው፣ ወይ ከጎረቤት ተኳርፏል። ስለዚህ ስንበላ መንገደኛው ሁሉ ያየናል፤ ያየን ሁሉ ደግሞ "እንብላ!" መባል አለበት። ታውቁታላችሁ። መንገደኛው ሌማቱ ላይ ምን እንዳለ ከጠሪው እኩል ያውቃል፤ "ብሉ፣ ይባረክ" ብሎ ያልፋል። ጠሪውም አላፈረ፣ ተጠሪውም አልተናቀ። እኔ ግን ጥሩ "እንብላ" ባለች ቁጥር ዓይኔ ሌማቱ ላይ ይቀር ነበር። እሺ ቢልስ?

አንድ ቀን አንዱ እሺ አለ። ከገበያ የሚመለስ ጎልማሳ ነበር። ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ በላ። በቤቱ የነበረው ምግብ ያ ብቻ ነበር። ጥሩ ፊቷ ሳይለወጥ "አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ" እያለች የመጨረሻዋን ጠቅልላ አጎረሰችው። ዓይኔን አይታ "የቤት ልጅ አይቸኩልም" አለችኝ። ጦሜን አደርኩ። ስለ ልጅነቴ ከዚህ በላይ አልናገርም።

እንግዲህ ቤቱ ሲያልቅ ባሕር ዳር ያሉት ልጆቼ በስልክ የበር ፎቶ ላኩልኝ። "አባዬ፣ የሳሎኑ በር ስላይዲንግ ይሁን፣ ተንሸራታች መስታወት፤ አሁን ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚያስገባው" አሉ። ፎቶውን ይዤ ሞጣ ውስጥ አልሙኒየም ወደሚሠራው ወደ ከድር ሄድኩ።

"ጋሽ ሞላ፣ ዘመናዊ ሆኑ!" አለኝ እየሳቀ። "መስታወቱ ግን ሦስት ዓይነት ነው። ጥርት ያለው አለ፤ ጉም የመሰለው አለ፤ ከውስጥ የሚያሳይ ከውጭ የማያሳይ ደግሞ አለ።"

"ጥርት ያለው።"

"ሳሎንዎ እኮ መንገድ ዳር ነው። ሰው ያይዎታል።"

"ይየኝ።"

ለልጆቼ ብርሃን ስለምወድ ነው አልኳቸው። ውሸት አይደለም፤ ብርሃን የማይወድ ማን አለ? ማንንም ሳልጠራ፣ እየታየሁ መብላት እንደፈለግሁ ግን አልነገርኳቸውም።

በሩ ተገጠመ። በአንድ ጣት ሲገፉት ድምፅ ሳያሰማ ይንሸራተታል። ጥሩን ያን ጊዜ ነው ያመጣኋት። የቢቸናው ቤት ዘሞ ነበር፣ እሷም አርጅታለች፣ ብቻዋን ናት፤ እኔም ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ቀሪ ዕድሜዋን እኔ ዘንድ እንድትኖር ነበር የፈለግሁት። ከቤቱ ሁሉ የፈለግሁት እሱን ብቻ ነው ብል አልዋሸሁም።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ቀረበ። ጥሩ ጎርሳ ቀና ስትል ከመስታወቱ ማዶ አንዲት ሴት ታልፋለች።

"እንብላ!" አለች ጥሩ።

"አትሰማሽም እትዬ፣ ተዘግቷል።"

"ክፈተዋ!"

"አቧራው ይገባል።"

ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ሴትየዋ ዞር ብላ አየቻት፤ ያየችው ግን አፏን ሞልታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ከንፈሯን የምታንቀሳቅስ አሮጊት ነው። ደንግጣ አለፈች። ከዚያ ሌላ ሰው መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ጥሩ አንድ ጉርሻ ሳትውጥ ወጡ ቀዘቀዘ። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ "የሞላ እህት ሰው ሲያያት ታፈጣለች፤ ምግቧን የሚነጥቃት ይመስላታል" ተባለ። ጥሩን! የራሷን ወንድም ጦም አሳድራ እንግዳ ያበላችውን ሴት ሞጣ ስስታም አላት።

ከዚያ ወዲያ ምሳዋን ማድ ቤት ተደብቃ መብላት ጀመረች። የሳሎኑን በር ክፍት አድርጌ ብተወው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እኔ ግን ከድርን ጠራሁት። መስታወቱን አስነቅዬ ከውስጥ የሚያሳየውን፣ ከውጭ የማያሳየውን አስገጠምኩ።

"አሁን ማንም አያይሽም" አልኳት። "ያላየሽን ሰው እንብላ የማለት ግዴታ የለብሽም።"

ወጥታ ከደጅ ሆና ፈተሸችው። የራሷን ነጠላ እንጂ ሳሎኑን አላየችም። አመነችኝ። ምሳዋን ወደ ሳሎን መለሰች፤ ማታም መብራት አብርተን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ተረጋግታ መብላት ያዘች። ፊቷ መለስ አለ። እዚሁ እኔ ዘንድ ትቀራለች ብዬ ነበር።

ከማዶ የምትኖረው ጎረቤታችን ያልጋነሽ አንድ ጠዋት እንደ ጨዋታ አድርጋ፣ "እትዬ ጥሩ፣ የትናንት ማታው የክክ ወጥ ተስማምቶዎታል መሰል፣ ደገሙ እኮ!" አለቻት።

ጥሩ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ከድር ሄድኩ።

"እሱማ ቀን ነው የሚከልለው" አለ ከድር። "ማታ መብራት ሲበራ ይገለበጣል፤ ውጭ ያለው ያያል፣ ውስጥ ያለው የራሱን መልክ ብቻ ነው የሚያየው። መጋረጃ የለዎትም እንዴ ጋሽ ሞላ?"

ለካ ከሥራ የሚመለሰው፣ ከሱቅ የሚመጣው ሁሉ ማታ ማታ ጥሩ ስትጎርስ እያየ ነበር የሚያልፈው። ቀድሞ ጠርታቸው ነበር፣ አልሰሙም። አሁን ግን አልጠራቻቸውም። የቀደመው ሐሜት እውነት ሆነ፤ ያደረግሁላት እሱን ነው።

መጋረጃ አመጣለሁ አልኳት። ልብሷን እያጣጠፈች ሳታየኝ፣ "ሞላ፣ ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ አልወጣልህም?" አለችኝ።

ያን ከገበያ የሚመለሰውን እንግዳ ማለቷ ነበር።

"ርቦት ነበር እኮ" አለች። "ሁላችንም ርቦን ነበር። አንተ ግን ይኸው ስንት ዘመን ሙሉ ደጅ አቁመኸዋል።"

የቢቸናውን ቤት ምሰሶ ላስጠግንልሽ ብላት እሺ አለች። የተሰነጠቀውን በሩን ልለውጠው ብላት ግን እንቢ አለች።

መጋረጃውን አልሰቀልኩትም። ማታ መብራት አብርቼ እበላለሁ፤ የሚያልፈው ሁሉ ያየኛል፣ እኔ ግን መንገድ ላይ ማን እንደሚያልፍ አላይም። ጥሩ ቢቸና ናት። ልጆቼ ባሕር ዳር ናቸው። እዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ።