ጓሳው ሊከፈት ሲል

«ከስረን ሳይሆን ተምረን ነው የምንለያየው!» አለኝ ጌትነት፣ ሹራቡን ሻንጣው ውስጥ እየጠቀጠቀ።

«ጌትዬ፣ ገና ምን ሠራንና ነው የተማርነው? ጓሳው የሚከፈተው ከነገ ወዲያ ነው እኮ!»

ሥራ ሳይጀምር ልምድ ያካበተ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔ ሸሪክ እንዲያ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ለቤት ክዳን የሚሆን የጓሳ ሣር ለመሸጥ ማኅበር ስናቋቁም እሱ ሊቀ መንበር ሆነ፤ እኔ የቀረውን ሁሉ ሆንኩ። ማኅተም አስቀረጽን፤ ታፔላ ሰቀልን። አንዲት ነገር ብቻ ረሳን፤ ሣሩ በአገሩ ደንብ ለዓመታት የተከለለ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ካልከፈቱት ማጭድ አይነካውም።

ምን ይደረግ? ጠበቅን። እሁድ እሁድ አፋፉ ላይ ተቀምጠን፣ ሣሩ ጉም ውስጥ ሲተኛና ሲነሣ እያየን ዓመታት አለፉ። ጌትነት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይኼ ሁሉ የእኛ ነው» ሲለኝ አምነው ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

አሁን ጌትነት ሞላሌ ከተማ ተቀጠረ። ምን ሆኖ አትሉኝም? ሥራ ለሚጀምሩ ወጣቶች አማካሪ!

«ጥቂት ቀን ቆይልኝ፤ ብቻዬን አጭጄ አልዘልቀውም» አልኩት።

«አየህ፣ ዋናው ትምህርት ይኼ ነው፤ ሰው ላይ አለመደገፍ!» ብሎ ሻንጣውን አነሣ።

በሩን ሲከፍት የደጋው ነፋስ እርጥብ የሣር ሽታ ይዞ ገባ። ጌትነት ዓይኑን ጨፍኖ ቆም አለ። የሚቀር መሰለኝ። ደጅ የሚጠብቀው ሚኒባስ ጥሩንባ ጮኸ፤ እሱም ወጣና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።