የእጄ ጀርባና የባለቤቴ ፈተና

ሥራን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማወቅህን ማሳወቅ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የእኔ ቀላል ነው። ኮልፌ ውስጥ ፍራሽ እሸጣለሁ፤ ለዚህም ከልብሴ ላይ የማይጠፋው የስፖንጅ ፍርፋሪ በቂ ምስክር ነው። ባለቤቴ ሲስተር ጽጌ ግን ይህ ዕድል የላትም። ከሰርጅን አጠገብ ቆማ መቀስና መቆንጠጫ ስታቀብል ፀጉሯ ሸብቷል። ቢሆንም አዲስ ደንብ መጣና፣ ተፈትና ምስክር ወረቀት ያላገኘች ነርስ ከኦፕራሲዮን ክፍል ትውጣ ተባለ። ከወደቀች መርፌ መውጊያ ክፍል ልትመደብ ነው። ጽጌ ደግሞ ኦፕራሲዮን ክፍሉን ከእኔ አስበልጣ እንደምትወደው እጠረጥራለሁ፤ እዚያ ሰው ሁሉ ታጥቦ ነው የሚገባው።

ታዲያ ለተግባር ፈተናው የት ትለማመድ? ቤቷ። ከማን ጋር? ከእኔ ሌላ ማን አለ? ሰዎች ዕድሜያቸውን የሚፈጁበትን የሰርጅንነት ማዕረግ እኔ አንድ ቀን ከእራት በፊት አገኘሁት። በሽተኛው ከሱቅ ያመጣሁት የልጅ ፍራሽ ነበር፤ መሣሪያችን የወጥ ቤት መቀስና የከሰል መቆንጠጫ። ሰርጅን ለካ አይናገርም። ዝም ብሎ እጁን ይዘረጋል፣ የሚፈልገው ነገር መዳፉ ላይ ይቀመጥለታል። በትዳር ዘመኔ እንደዚያ የተመቸኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ለመደብኝና አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ መልስ ለመቀበል ቃል ሳልተነፍስ እጄን ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። ረዳቱ ገልመጥ አድርጎኝ፣ «ፋዘር፣ ልመና ከሆነ ከታች ነው» አለኝ።

አንድ ችግር ብቻ ነበረብኝ። መነጽሬን ሳልነካ መቆየት አልችልም። ጓንት ያጠለቀ እጅ ደግሞ ያልጸዳ ነገር ከነካ ቆሸሸ ማለት ነው፤ ይህን ያየች ረዳት፣ ሰርጅኑ ማንም ይሁን ማን፣ ማስቆም አለባት ይላል ደንቡ። ጽጌ ለማስቆም ቃል አታባክንም። የእጄን ጀርባ በከሰል መቆንጠጫ ጧ ታደርግና፣ «ሂድ ታጠብ» ትለኛለች። በዚህ ዓይነት በሽተኛው ፍራሽ ደህና ሆኖ ሰርጅኑ እጁ አብጦ ከረመ።

የፈተናው ዕለት ፈተናው የሚሰጥበት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ድረስ ሄጄ በር ላይ ጠበቅኋት። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። «አለቀልኝ፣ ሰውዬውን መታኋቸው» አለችኝ። ሰውዬው የተባሉት ዋናው ፈታኝ ናቸው። ስንቱን ሐኪም ያስተማሩ፣ ሲገቡ ሁሉም ከወገቡ ጎንበስ የሚልላቸው አንጋፋ ሰርጅን። በፈተናው መሃል በጓንታቸው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና ያንኑ እጅ ለመቀስ ዘረጉ። «ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ ሳልሆን እጄ ነው ያደረገው» ትላለች። የእኚያን የተከበሩ ሰው እጅ በመቆንጠጫ ጧ አድርጋ፣ «ሂድ ታጠብ» አለቻቸው። እሳቸውም እጃቸውን እያሻሹ ሄደው ታጠቡ። ያን ዕለት ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። እኔም አዘንኩ፤ ከእጄ እብጠት ጋር ሆኜ ከልቤ አዘንኩ።

ውጤቱ ሲወጣ በዚያ ክፍል ከተፈተኑት ያለፈችው ጽጌ ብቻ ሆና ተገኘች። ለካ ሽማግሌው መነጽራቸውን የሚነኩት ሆን ብለው ነው፤ ዋናው ፈተና እሱ ነበር። ሌሎቹም አይተዋል። ግን በእኛ አገር አባትህ የሚሆኑ ሰው እጃቸውን ሲዘረጉልህ፣ ቆሽሸዋል ይመለሱ ይባላል እንዴ? ስለዚህ ጎንበስ ብለው፣ መቀሱን በሁለት እጃቸው አቀበሏቸው። በሽተኛው አሻንጉሊት መሆኑ በጀው እንጂ በይሉኝታችን ቁስሉ ያመረቅዝ ነበር። ሽማግሌው በኋላ ማን እንዳሠለጠናት ሲጠይቋት ባለቤቴ ነው ብላቸዋለች። እሱም ሰርጅን ነው ወይ ሲሏት፣ የለም፣ እጁን መታጠብ የማይወድ ፍራሽ ነጋዴ ነው አለቻቸው።

ምስክር ወረቀቱ አሁን ከምግብ ጠረጴዛችን በላይ ተሰቅሏል። ትናንት ከሱቅ እንደገባሁ ወደ ዳቦው እጄን ስሰድ ያው የማውቀው ነገር ጧ አለብኝ። ልቆጣ ቀና ስል ዓይኔ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ድሮ የምትመታኝ ሚስቴ ስለሆነች ነበር፤ ለአስታራቂ ሽማግሌዎች መክሰስ ይቻላል። አሁን ግን ፈቃድ ያላት ባለሙያ ናት። ከማኅተሙ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውንም ያን ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ ምስክር ወረቀቱ የሚታደሰው ነርሷ ልምምዷን ሳታቋርጥ ከቀጠለች ብቻ ነው ይላል።