አዋሽ ላይ «እማጸናለሁ» ብዬ የጻፍኩ ዕለት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ሰመራ ላይ ያላበኝ በሙቀቱ አይደለም። እምላለሁ!

የእህቴ ልጅ ከሞባይሏ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ መማጸን ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

በቃ፣ ልናዘዝ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ሰመራ ያኔ ከተማ ሳትሆን ጠጠር ነበረች። እኔ አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ!

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ፣ ሻይ ቤት ያላቸው የወሎ ሰው፣ እየሮጡ መጡ። ልጃቸው መሐመድ ለውትድርና ታፍሶ ቀበሌው አዳራሽ ተቆልፎበታል። ዕድሜው አስራ ስድስት! መኪናው ከሰዓት ይነሳል።

«በአላህ፣ ቶሎ በል! ልብ የሚያራራ አድርገህ ጻፍልኝ!»

ሥራውን ያስተማረኝ አጎቴ በጃንሆይ ዘመን ለባላባት የሚቀርብ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ነው። እጄ የለመደውን ጻፈ፦ «በክቡርነትዎ እግር ሥር ወድቄ እማጸናለሁ።»

መፈክሩንም ረሳሁት። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሌለበት ማመልከቻ! በደርግ ጊዜ!

ቀበሌው ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን አስገቡ። ወዲያው ከውስጥ ድምፅ መጣ፦ «ይህን የጻፈው ፊውዳል ይግባ!»

ገባሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጡን ወረቀቴ ላይ ጭኖታል። መድፍ አክሎ ታየኝ!

«እማጸናለሁ? እኔ ደጃዝማች ነኝ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቃሉ የግዕዝ ነው» አልኩ፣ በጫጩት ድምፅ። «ከሕፃን፣ ከማሕፀን ጋር አንድ ዘር ነው። ሕፃን እናቱ እቅፍ እንደሚገባ፣ ሰው ጥላ ሥር መግባት...»

«እና እኔ እናትህ ነኝ?!»

እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ። ወረቀቱን ሊያነሳ ይሁን እኔን ሊጥለኝ፣ ለማጣራት አልቆየሁም።

ጠረጴዛው ሥር ነኝ። ቦት ጫማውን አቅፌያለሁ። ያ ሁሉ ግዕዝ የት ገባ? ከአፌ የወጣው «ጋሼ! በናትህ! ሁለተኛ አይለመደኝም!» ብቻ ነው።

ሳቀ። «ውጣ!» አለኝ። ጥይት እንደዚያ አይፈጥንም!

በሩ ላይ ጋሽ ሰይድ ክንዴን ያዙኝ። «ስለ መሐመድስ ምን አለ?»



የልጁን ስም አላነሳሁማ! የለመንኩት ለራሴ ነው።

ጋሽ ሰይድ አንዴ አዩኝ። አልተሳደቡም፤ ቢሳደቡ በተሻለኝ። ገፋ አድርገውኝ ያለ ወረቀት ገቡ።

እኔ ግድግዳ ተደግፌ የተኩስ ድምፅ ጠበቅኩ። ፀሐይ አናቴን በላችው። ደግነቱ፣ ሲወጡ ሁለት ሆነው ነበር።

«ምን ብለው ለመኑት?»

«አልለመንኩም። ‹ወይ እሱን ልቀቅ፣ ወይ እኔንም አብረህ ጫን› ብዬ መሬት ተቀመጥኩ። ቁርስ የሚበላው እኔ ሻይ ቤት ነው፤ እኔ ከሄድኩ ማን ያበላኛል ብሎ አሰበ መሰለኝ።»

አያችሁ? የቃሉን ዘር ማንዘር የምቆጥረው እኔ ቦት ጫማ አቀፍኩ። ፊደል ያልቆጠሩት ጋሽ ሰይድ ልጃቸውን አስወጡ።

እናንተ ብትሆኑ፣ እዚያ ጠረጴዛ ሥር ሆናችሁ የጎረቤታችሁን ልጅ ስም ታስታውሱ ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ፤ እኔ ብቻዬን አልፈር!