የክላይቭ ዳሌና የኖቢ ደም

[ኩዊንስላንድ፣ አውስትራሊያ፤ የአንዲት ከብት አርቢ ከተማ የከብት ገበያ። ደም የሚቀበለው መኪና አጥሩ ሥር ቆሟል፤ ውስጡ ፓይ፣ ማለትም በሥጋ የተሞላ ትኩስ ዳቦ፣ ይታደላል። ዳሌው በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ክላይቭ ምርኩዙን ተደግፎ የመኪናው በር ላይ ቆሞ መግቢያውን ዘግቷል። ጓደኛው ኖቢ ሊያልፍ ይታገላል።]

ኖቢ፦ ዞር በል እንጂ! ፓዩ ሊያልቅብኝ ነው!

ክላይቭ፦ አንተ ሆዳም! ደም ልትሰጥ ነው ወይስ ፓይ ልትበላ?

ኖቢ፦ ደም ላልሰጠ ፓይ የለም አሉኛ።

ክላይቭ፦ ቆይ! እኔ እዚህ የቆምኩት ለአገር ነው። ነገ የመንግሥት ሰዎች ስለ ደም ልገሳ ደንብ ሊያወያዩን ይመጣሉ። «አጥብቁት!» ነው የምላቸው። ጎረቤታችን ቢል ይከልከል! በእብድ ላም በሽታ ዘመን እንግሊዝ አገር ሥጋ በልቷል።

ኖቢ፦ ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ? እና አበደ?

ክላይቭ፦ አላበደም።

ኖቢ፦ ሚስቱ ግን አብዷል ነው የምትለው።

ክላይቭ፦ እሱ ሌላ ነው! የእህቴ ልጅ ግሌንም ይከልከል። ከወንድ ጋር ነው የሚኖረው።

ኖቢ፦ ከባሪ ጋር? ምነው፣ ባሪ ታመመ?

ክላይቭ፦ ደህና ነው።

ኖቢ፦ ግሌንስ?

ክላይቭ፦ እንደ ፈረስ ጠንካራ ነው!

ኖቢ፦ ታዲያ የታመመው ማነው?

ክላይቭ፦ ማንም አልታመመም! ጥንቃቄ ነው፣ አይገባህም? ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር!

ኖቢ፦ ታዲያ ስንጥሩን ፈልገህ አውጣዋ! ገንፎውን ምን አስደፋህ? ኮርማዬን ስሸጥልህ ደሙን አስመረመርክ እንጂ ከማን ጋር ነው የሚያድረው አላልከኝም።

ክላይቭ፦ ኮርማ ውድ ነዋ!

[ነርሷ በመስኮት ብቅ ትላለች።]

ነርሷ፦ አባባ፣ ሰው አያባርሩ። ሆስፒታሉ ደም አልቆበታል። ባዶአችንን ከተመለስን የእርስዎም ቀዶ ጥገና ይራዘማል።

ክላይቭ፦ [ደንግጦ] የእኔ? ይሄ ዳሌ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚያስለቅሰኝ! ኖቢ፣ ሼሪልን ጥራት!

ኖቢ፦ ትናንት ተነቅሳለች ብለህ ያባረርካት አንተ ነህ።

ክላይቭ፦ በቃ ሬይን ጥራው!

ኖቢ፦ እሱም እንግሊዝ ኖሯል።

ክላይቭ፦ [በሐዘን አይቶት] እንግዲያው... አንተ ግባ።

ኖቢ፦ የእኔ ደም አንተ ውስጥ? ኧረ አላደርገውም!

ክላይቭ፦ ምን ሆንክ?

ኖቢ፦ አገር ያወቀኝ ሞኝ ነኝ። አባቴም ሞኝ ነበር። አንተም ሞኝ ሆነህ ብትነቃ ሚስትህ መግቢያ ታሳጣኛለች። ጠርጥር አላልክም?

ክላይቭ፦ [ምርኩዙን እየወዘወዘ] አንተ ሰውዬ! ሞኝነት በደም ይተላለፋል ያለህ ማነው? ማን መርምሮ አገኘው? ማስረጃህ የታለ? እንዲያው በጥርጣሬ ብቻ ጤነኛ ሰው ደም እንዳይሰጥ ይከለከላል?

ኖቢ፦ [ባርኔጣውን አንስቶለት] ጎበዝ! ነገ ስብሰባው ላይ ልክ እንደዚሁ በላቸው።

[ክላይቭ ከበሩ ዞር ይላል።]

ክላይቭ፦ [ዝቅ ባለ ድምፅ] በዚያው... ግሌንንም ጥራው።

ኖቢ፦ [እየገባ] እጠራዋለሁ። የሚያሳዝነው ብልጠቴም በደም አለመተላለፉ ነው።